የኮሌጅ ተጫዋችን ለኤንቢኤ ድራፍት መመዘን፦ ስካውት ለመሆን ለሚያስቡ ወጣቶች

ውድ ልጆች፣

ይህን ተጫዋች የመመልመልና የመመዘን ሙያ ከልባችሁ ከፈለጋችሁት የ2011ን ድራፍት፣ ማለትም የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበትን ሥነ ሥርዓት፣ ቁጭ ብላችሁ አጥኑ። በዚያ ዓመት ከኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ በነጥብ አንደኛ የነበረው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲው ጂመር ፍሬዴት ነው፤ በጨዋታ በአማካይ 28.9 ነጥብ ያስቆጥር ነበር። 10ኛ ሆኖ ተመረጠ። የሳን ዲዬጎ ስቴቱ ካዋይ ሌናርድ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ ከሚወረውራቸው መቶ ኳሶች የሚያገባው 29 ያህሉን ብቻ ነበር፤ 15ኛ ወጣ። የማርኬቱ ጂሚ በትለር 30ኛ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሚሆነው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው አይዛያ ቶማስ ደግሞ 60ኛ፣ ማለትም የመጨረሻው ተመራጭ ሆነ። ከዚያስ? ፍሬዴት በኤንቢኤ ቋሚ ቦታ ሳያገኝ ቀረ። ሌናርድ በ2014 እና በ2019 የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። በትለር ማያሚን ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ አደረሰ። ቶማስ በ2016-17 ለቦስተን ሲጫወት በአማካይ 28.9 ነጥብ አስቆጠረ፤ ፍሬዴት በኮሌጅ ያስቆጠራትን ያንኑ ቁጥር።

የመረጡት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ቪዲዮውን አይተዋል፣ ሜዳ ድረስ ሄደዋል፣ ልጆቹን አነጋግረዋል። የሚያሳስተው ጥያቄው ነው። የኮሌጅ ጨዋታ ስታዩ ልባችሁ «ይህ ልጅ ምን ያህል ጎበዝ ነው?» ወደሚለው ይሮጣል። ቡድን ደመወዝ የሚከፍላችሁ ግን ሌላውን እንድትመልሱለት ነው፦ ይህ ልጅ ኤንቢኤ ሲገባ ምን ሥራ ይሰጠዋል? ዛሬ ከሚሠራው ውስጥ ለዚያ ሥራ የሚሆነውስ የትኛው ነው?

ለዚህ መጀመሪያ ሁለቱ ጨዋታዎች የት የት እንደሚለያዩ በቃል ማወቅ አለባችሁ። የኮሌጅ የሦስት ነጥብ መስመር 6 ሜትር ከ75 ላይ ነው። በኤንቢኤ ከመሐል 7 ሜትር ከ24፣ ከጥግ 6 ሜትር ከ70 ነው። በኮሌጅ አንድ ቡድን ኳስ ይዞ 30 ሰከንድ መቆየት ይችላል፤ በኤንቢኤ 24 ብቻ። ከቀለበቱ ሥር ያለው ፔይንት በኮሌጅ 3 ሜትር ከ66፣ በኤንቢኤ 4 ሜትር ከ88 ስፋት አለው። ከሁሉም በላይ ግን በኤንቢኤ ተከላካይ አጠገቡ ያለ ሰው ሳይዝ ከሦስት ሰከንድ በላይ ፔይንት ውስጥ መቆም አይፈቀድለትም። ኮሌጅ ይህ ሕግ የለውም።

ይህች አንዲት ሕግ ብዙ ግምገማ ታበላሻለች። በኮሌጅ ቀለበቱ ሥር እንደ ዘበኛ ቆሞ የሚውል ረጅም ልጅ በጨዋታ ሦስት ብሎክ (ወደ ቀለበት የተወረወረን ኳስ በእጅ መመለስ) ሊሰበስብ ይችላል። ኤንቢኤ ሲገባ ከዚያ ቦታ ይነሣል፤ ሰባት ሜትር ርቆ ከፈጣን ኳስ ገፊ ፊት ለፊት ይቆማል። ስለዚህ የብሎኩን ቁጥር ትታችሁ ከቀለበቱ ርቆ የተከላከለባቸውን ሃያና ሠላሳ አጋጣሚዎች ብቻ ለይታችሁ እዩ። በተቃራኒው ደግሞ ኮሌጅ ውስጥ ወደ ቀለበት የሚነዳ ልጅ ሦስት ሰው የታጨቀበት መንገድ ይገጥመዋል፤ ከአጠገቡ ያሉት ጓደኞቹ ከርቀት የማያገቡ ከሆነ መንገዱ ጭራሽ ይዘጋል። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ሆኖ ተከላካዩን በተደጋጋሚ የሚያልፍ፣ መጨረሻ ላይ ግን የሚያጨናግፍ ልጅ ካያችሁ ቶሎ አትጣሉት፤ በሰፊ ሜዳ ያው እርምጃ ነጥብ ይሆናል።

አንድን ጨዋታ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እዩት። በመጀመሪያው ጊዜ እንደ ማንም ሰው ኳሱን ተከተሉ። በሁለተኛው ልጁን ብቻ፣ ኳስ በእጁ በሌለበት ጊዜ። በሦስተኛው ሲከላከል ብቻ። አብዛኛው የኮሌጅ ኮከብ የቡድኑን የማጥቃት ዕድል ሲሶ ያህል በራሱ እጅ የሚጨርስ ነው፤ ኤንቢኤ ሲገባ ኳሱን የሚይዙት ሌሎች ናቸው፣ እሱ ጥግ ላይ ይቆማል። ጥግ ላይ ቆሞ የሚጠቅም ነገር ከሌለው አሠልጣኙ አያስገባውም። ፍሬዴትን የገጠመው ይህ ነው፤ ኳሱ ከእጁ ሲወጣ ቀሪው ጨዋታው፣ በተለይ መከላከሉ፣ ሊያቆየው አልቻለም። ቶማስስ? እሱም አጭር ነው፣ እሱንም ሲከላከል ያጠቁታል። ግን በትንሽ ቦታ ውስጥ ተከላካይን የሚጥልበት ፍጥነትና በረጃጅሞች መሐል ገብቶ የሚያገባበት ችሎታ ኳሱን ለእሱ መስጠት የሚያስገድድ ደረጃ ላይ ነበር። አጭር ተጫዋች ስትመዝኑ መስፈርቱ ይህን ያህል ከፍ ያለ ነው።

መከላከልን እንዴት እንደምታዩ አንድ ቦታ ላይ ቆም ብዬ ላሳያችሁ። ተቃራኒው ቡድን በቀኝ በኩል ፒክ ኤንድ ሮል (አንዱ ተጫዋች የኳስ ያዡን ተከላካይ በሰውነቱ ጋርዶ ከዚያ ወደ ቀለበት የሚሮጥበትን ጨዋታ) ሲጀምር የእናንተ ልጅ በግራ ጥግ ሰው ይዞ ቆሟል እንበል። ግርዶሽ የሠራው ረጅም ተጫዋች ዞሮ ወደ ቀለበት ሲሮጥ የእናንተ ልጅ አንድ እግሩን ፔይንት ውስጥ አስገብቶ በደረቱ ሊያቆመው ይገባል፤ ሯጩ ኳሱን ከተቀበለ በኋላ ሳይሆን ከመቀበሉ በፊት። ከዚያ ኳሱ ወደ ጥግ ሲወረወር ተመልሶ ይሮጣል፤ ሁለት ረጃጅም እርምጃ፣ ቀጥሎ ትንንሽ እርምጃ እየረገጠ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ እጁን ያነሣል። እየዘለለ የሚመጣ ከሆነ ወርዋሪው አንድ ጊዜ ድሪብል አድርጎ (ኳሱን አንጥሮ) ያልፈዋል። በአንድ ጨዋታ ይህ ሁኔታ ከአሥር ጊዜ በላይ ሊገጥመው ይችላል። «በጊዜው ደረሰ፣ ዘገየ፣ ጭራሽ አልመጣም» እያላችሁ መዝግቡ። ሲዘገይ ምክንያቱን ፈልጉ። ዓይኑ ኳሱ ላይ ተተክሎ ቀርቶ ከሆነ ሰውየው መምጣቱን አላየም፤ ይህ በትምህርት ይስተካከላል። አይቶ እግሩ ካልደረሰ ግን ጉዳዩ የሰውነት ነው፣ የሚሻሻለውም ጥቂት ነው። ዞን የሚከላከል፣ ማለትም ሰው ሳይሆን ቦታ የሚይዝ፣ ቡድን ውስጥ ከሆነ ይህን ሁሉ የምታዩበት ዕድል ስለሚያንስ ያለፈውን ዓመትና የወጣት ብሔራዊ ቡድን ቪዲዮ ጭምር አፈላልጉ።

ወደ ውርወራ ስትመጡ በመቶኛ አትታለሉ። አንድ ልጅ በዓመት 120 የሦስት ነጥብ ሙከራ ቢያደርግ 42 ያገባው ከመቶ 35፣ 48 ያገባው ከመቶ 40 ነው። «መካከለኛ» እና «ምርጥ» በሚባሉት ሁለት ልጆች መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ የውድድር ዘመኑ ስድስት ኳስ ብቻ ነው። በዚያው በ2011 ሁለተኛ የተመረጠው የአሪዞናው ዴሪክ ዊሊያምስ ከመቶ 56.8 አግብቶ ነበር፤ ሙከራው ግን 74 ብቻ ነው። በኤንቢኤ ከመቶ 30 ገደማ ሆኖ ቀረ።

ከሦስት ነጥቡ መቶኛ ይልቅ የማምነው ነጻ ውርወራውን ነው። ርቀቱ አይለወጥም፣ ተከላካይ የለም፣ ስለዚህ የእጁን ትክክለኛነት ብቻ ያሳያል። ሌናርድ ከሦስት ነጥብ መስመር እየሳተ በነጻ ውርወራ ከመቶ 76 ያህል ያገባ ነበር። ሳን አንቶኒዮ ሲገባ የውርወራ አሠልጣኙ ቺፕ ኢንግላንድ የኳስ አለቃቀቁን አስተካከለለትና በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከሦስት ነጥብ መስመር ከመቶ 37.6 አገባ። በነጻ ውርወራ ከመቶ 60 በታች ሆኖ ከሩቅ ከመቶ 40 የሚያገባ ልጅ ሲመጣላችሁ ግን ሁለተኛውን ቁጥር በጥርጣሬ ተመልከቱት።

ከዚያ ወደ ቪዲዮው ተመለሱና እያንዳንዱን ሙከራ ለዩ። ቆሞ ተቀብሎ ነው ወይስ ከድሪብል በኋላ? ተከላካዩ በአንድ ሜትር ውስጥ ነበር? እግሩ ከኮሌጁ መስመር ምን ያህል ይርቃል? ኳሱን ሲቀበል ወደ ወገቡ ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ ተከላካዩ የሚደርስበትን ጊዜ እየሰጠው ነው። የሳታቸውንም መዝግቡ፦ ቀጥ ብለው የሚያጥሩ ወይም የሚረዝሙ ኳሶች የጉልበትና የድካም ጉዳይ ናቸው፤ ግራና ቀኝ እያሉ የሚሄዱ ግን ክርኑና እጁ አንድ መስመር ላይ አለመሆናቸውን ይናገራሉ፣ ያም ለማረም ከባድ ነው።

ሌሎቹን ቁጥሮች ባጭሩ ልለፋቸው። ነጥብን በጨዋታ አትቁጠሩ፤ በ40 ደቂቃ ወይም በ100 የማጥቃት ዕድል አስሉት፣ ቀርፋፋና ፈጣን ቡድን እኩል እንዲሆኑ። ቅልጥፍናውን ለማወቅ የሜዳ ሙከራውን ከነጻ ውርወራው ሙከራ 0.44 እጥፍ ጋር ደምሩ፣ ድምሩን በሁለት አባዙ፣ ነጥቡን በውጤቱ አካፍሉ። 18 ነጥብ፣ 12 የሜዳ ሙከራ፣ 5 ነጻ ውርወራ ቢሆን 18 ለ28.4 ሲካፈል ከመቶ 63 ይሆናል፤ በጣም ጥሩ ነው። ስቲል (ከተቃራኒ እጅ ኳስ መንጠቅ) እና ብሎክ እጅና ዓይን አብረው መሥራታቸውን ስለሚያሳዩ ብዙ ክብደት ስጧቸው። ሁሉንም ቁጥር ደግሞ ከጠንካራ ቡድኖች ጋር ባደረጋቸው ጨዋታዎች ብቻ እንደገና አውጡት። በኖቬምበር ደካማ ቡድን ላይ የተቆለለ ነጥብ አማካዩን ያሳብጠዋል።

ዕድሜ ከቁጥሩ ጎን መጻፍ አለበት፣ በወር ጭምር። ዴቪን ቡከር በ2015 ከኬንታኪ ሲወጣ ከተቀያሪ ወንበር እየተነሣ በአማካይ 10 ነጥብ ብቻ ያስቆጠረ ልጅ ነበር። ግን ገና 18 ዓመቱ ነበር፣ 38 አሸንፎ አንድ ብቻ በተሸነፈ ቡድን ውስጥም ደቂቃውን ከብዙ የወደፊት ኤንቢኤ ተጫዋቾች ጋር ይካፈል ነበር። 13ኛ ያወጣው ፊኒክስ አተረፈ። ዛሬ ይህ ነገር ይበልጥ ከብዷል፤ ከ2021 ወዲህ ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ ማግኘት ስለተፈቀደላቸውና ከኮሌጅ ኮሌጅ መዘዋወር ስለቀለለ፣ የ23 ዓመት ጎልማሳ ከ18 ዓመት ልጅ ጋር አንድ ሜዳ ላይ ታገኛላችሁ። የ23 ዓመቱ ልጁን በትከሻው ገፍቶ ቢያስቆጥር የሚገርም ነገር የለውም። ይህን ስል ትልቁን ናቁት ማለቴ አይደለም። አራት ዓመት ተምሮ የሚመጣ ልጅ ሥራው በግልጽ የታወቀ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ሊጠቅም ይችላል፤ ከሚቺጋን ስቴት አራት ዓመት ጨርሶ በ2012 35ኛ የወጣው ድሬይመንድ ግሪን ምስክር ነው።

በሜይ ቺካጎ ላይ የሚደረገው ኮምባይን፣ ማለትም የድራፍት ዕጩዎች የሚለኩበትና የሚፈተኑበት ዝግጅት፣ የሚሰጣችሁን ልኬት በጥንቃቄ ያዙ። ያለ ጫማ የተለካው ቁመት፣ ክንድ ሲዘረጋ ያለው ርዝመትና ቆሞ እጁን ሲያነሣ የሚደርስበት ከፍታ ዋናዎቹ ናቸው። የኤንቢኤ ተጫዋች የክንድ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ ከቁመቱ በ10 ሳንቲሜትርና ከዚያም በላይ ይበልጣል፤ እኩል የሆነ ልጅ ሲከላከል ከእውነተኛ ቁመቱ ያጠረ ያህል ነው። የክብደት ማንሣቱን ግን እርሱት። ኋላ ታላቅ ኮከብ የሆነው ኬቨን ዱራንት በ2007 84 ኪሎውን አንድ ጊዜ እንኳ ማንሣት አልቻለም። ወኪሎች በባዶ አዳራሽ የሚያዘጋጁትን ልምምድም እንደ ማስረጃ አትቁጠሩ፤ ተከላካይ በሌለበት ሁሉም ያገባል። እዚያ የምታዩት አለቃቀቁን፣ የሰውነቱን ሁኔታና ሲደክመው እግሩ ምን እንደሚሆን ነው። ሕክምናውን ለሐኪሞቹ ተዉት።

ስለ ጠባዩ ስትጠይቁ ዋናው አሠልጣኝ ላይ ብቻ አትቁሙ፤ እሱ ለልጁ መልካም ይመኛል። ፊዚዮቴራፒስቱን፣ የትጥቅ ኃላፊውን፣ የትምህርት አማካሪውን አነጋግሩ። «ጥሩ ልጅ ነው» የሚል መልስ ምንም አይነግራችሁም። «ልምምድ ስንት ሰዓት ይደርሳል? ሲቀየር የት ይቀመጣል? ሲሳሳት ማንን ያያል?» ብላችሁ ጠይቁ። በሰው ልጅ ላይ «ዲሲፕሊን የለውም» የሚል ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ደግሞ ከአንድ በላይ ምስክርና የታየ ድርጊት ይኑራችሁ። ያች መስመር የልጁን እንጀራ ልትዘጋ ትችላለች።

ሪፖርቱን የሌሎችን ግምት ከማንበባችሁ በፊት ጻፉ፣ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። «ቀጣዩ እገሌ» አትበሉ፤ አንባቢው ኮከቡን ብቻ ያስታውሳል፣ ልጁን ይረሳዋል። ሥራውን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡ። ዛሬውኑ ኤንቢኤ ውስጥ የሚሠራለትን አንድ ችሎታ፣ ከሜዳ ሊያስወጣው የሚችለውን አንድ ድክመት፣ ሐሳባችሁን ምን ሊያስለውጣችሁ እንደሚችል ጨምሩ። የአንደኛ ዙር ተመራጭ ኮንትራት ሁለት ዓመቱ ዋስትና አለው፣ ሦስተኛውና አራተኛው በቡድኑ ምርጫ ነው፤ ቡድኑ ስለ ሦስተኛው ዓመት የሚወስነው ደግሞ ሁለተኛው የውድድር ዘመን ሲጀምር፣ በኦክቶበር መጨረሻ ነው። «ከሦስት ዓመት በኋላ ይበስላል» ብላችሁ ያቀረባችሁት ልጅ ውሳኔ የሚሰጥበት አንድ ዓመት ብቻ ተጫውቶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ምን መታየት እንዳለበት በቁጥር ጻፉ፦ ከጥግ የሚወረውረው ከመቶ 35 ይድረስ፣ ወይም በጂ ሊግ (ኤንቢኤ ተጫዋቾችን በሚያበስልበት ዝቅተኛ ሊግ) 30 ደቂቃ ሲጫወት በፋውል ሳይወጣ ይጨርስ።