«መጽሔቱን ገምግሚ» ለተባለችው የደሴ ልጅ

ከሆጤ የጻፍሽልኝ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ለሌላው አንባቢ ባጭሩ ላስቀምጠው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት ተመርቀሻል። አዲስ አበባ የሚታተም የወንዶች መጽሔት ለአዘጋጅነት አወዳድሮሽ፣ ለመጨረሻው ዙር የቆዩ ሁለት እትሞች ሰጥቶ «ሦስት ገጽ ግምገማ ጻፊ» ብሎሻል። አባትሽ ኮምቦልቻ የተገኘውን የመንግሥት የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ያዢ ይላሉ፤ የታናሽሽ የኮሌጅ ክፍያም ካሁኑ በስምሽ ተመድቧል። ታላቅ ወንድምሽን ያስጨነቀው «የወንዶች መጽሔት» የሚለው ስም ነው። ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ትሞከሪያለሽ መባልሽን ደግሞ መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጣል አድርገሽዋል።

ከሁሉም የቆረቆረኝ አብሮ የመጣው የግምገማ ረቂቅ ነው። «መጽሔቱ ሳቢና ማራኪ ሲሆን ይዘቱም አስተማሪና አዝናኝ ነው» ብለሽ ጀምረሻል። ይህ ዓረፍተ ነገር ስለ ማንኛውም መጽሔት ይሠራል፤ ስለ ሠርግ ቪዲዮም ይሠራል። ቅደጂውና ከቆጠራ ጀምሪ።

አንድ ወረቀት በአምስት ዓምድ ክፈዪ፦ የገጽ ቁጥር፣ ርዕሰ ጉዳይ፣ ጸሐፊ፣ የፎቶው ምንጭ፣ ማስታወቂያ። አንድም ገጽ ሳታልፊ ሙዪው። ግማሽና ሩብ ገጽ ማስታወቂያ ሲያጋጥምሽ 0.5ና 0.25 ብለሽ ያዢ። ባለ 64 ገጹን እትም ከላክሽልኝ ፎቶ ቆጥሬዋለሁ፤ ማስታወቂያው 9 ገጽ ነው። ከ9ኙ 4ቱ ግን «በዚህ ቦታ ያስተዋውቁ» የሚሉ የአሳታሚው የራሱ ናቸው፤ ስለዚህ የተከፈለበት 5 ገጽ ነው። ቀጥሎ ገጽ 18ና 19ን ተመልከቺ። ለሙሽራ የሚሆን ሱፍ እንዴት እንደሚመረጥ የሚያወራ ጽሑፍ አለ፤ የጸሐፊ ስም ሰፍሮበታል፣ ፎቶውም ያምራል። ታች ያለው ስልክ ግን ገጽ 21 ላይ ከወጣው የልብስ ሱቅ ማስታወቂያ ስልክ ጋር አንድ ነው። ጽሑፉ ማስታወቂያ ሆኖ ሳለ የትም ቦታ «ማስታወቂያ» አይልም። ይህን በጨዋ ቋንቋ፣ ገጹን ጠቅሰሽ አስፍሪው።

ይህ የኛ አገር ብልሃት ብቻ እንዳይመስልሽ፤ የወንዶች መጽሔት ዘሩ ራሱ ከልብስ ነጋዴ ጓዳ የወጣ ነው። ዛሬ ጂኪው የሚባለው የአሜሪካ የወንዶች መጽሔት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1931 ለወንዶች ልብስ ነጋዴዎች ይታተም የነበረ የንግድ መጽሔት ነው። ኤስኳየር የተባለውም መጽሔት ከዚያው አሳታሚ ቤት እ.ኤ.አ. በ1933 ሲወጣ አብዛኛው ቅጂ በልብስ ሱቆች እንዲሸጥ ነበር የታሰበው፤ ዋጋው 50 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ነገር ግን ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ሄሚንግዌይን የመሰለ ጸሐፊ አስገባበት። ሱፍ አይቶ ሊዘጋው የነበረ ሰው ተቀምጦ የሚያነበው አገኘ። ስለዚህ ይህን ዓይነት መጽሔት ስትገመግሚ ልብሱን፣ ሰዓቱንና መኪናውን አውጪና ሰው አነጋግሮ የተጻፈ ስንት ገጽ እንደሚቀር ቁጠሪ። እኔ 7 አገኘሁ።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ፣ የመሸጫ ዋጋው ሽፋኑ ላይ አለ፤ 200 ብር። የኅትመት ዋጋውን ለማወቅ ከማተሚያ ቤት ፕሮፎርማ ጠይቂ። የገጽ ብዛት፣ መጠን (ኤ4)፣ የውስጥ ወረቀቱና የሽፋኑ ግራም፣ ቀለም፣ የጥራዝ ዓይነት፣ የቅጂ ብዛት ካልነገርሻቸው ዋጋ አይሰጡሽም። እንበል 3000 ቅጂ በ150 ብር ታተመ፤ 450,000 ብር ወጣ። አከፋፋይና አዟሪ ከ200ው ብር 60ውን ቢያስቀሩ ለአሳታሚው 140 ይደርሰዋል። 1800 ተሽጦ ሌላው ተመላሽ ቢሆን 252,000 ገባ፤ 198,000 ጎደለ። ማስታወቂያው በገጽ 25,000 ቢሸጥ 5 ገጽ 125,000 ያመጣል። አሁንም 73,000 ጎደለ፤ ደመወዝና የቢሮ ኪራይ ገና አልተነካም። ልብ በዪ፣ 3000ውም ቢሸጥ እያንዳንዱ ቅጂ 10 ብር ያከስራል። ሽፋኑ ላይ ካለው ሌላ ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው፣ ባገኘሽው እውነተኛ ዋጋ ተኪያቸው። ጉድለት ከወጣ ማን እንደሚሞላው ጠይቂ። ባለሀብቱ ከኪሱ ከሆነ እሱ የሰለቸው ቀን አንቺም ሥራ ፈትተሻል። ሌላ አገር የወንዶችን መጽሔት ለረጅም ጊዜ ካኖሩት ገንዘቦች ዋናዎቹ የሲጋራና የመጠጥ ነበሩ፤ እዚህ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የትምባሆ ማስታወቂያ ክልክል ነው፣ የአልኮሉም ተገድቧል። ስለዚህ የማስታወቂያ ሠራተኛቸው ማንን እንደሚያንኳኳ ማወቅ አለብሽ።

የእትም ቁጥሩንም ከቀኑ ጋር አመሳክሪ። ወርኃዊ ነኝ ይላል። የመጀመሪያው እትም መስከረም 2016 እንደወጣ ራሱ ጽፏል፤ በእጅሽ ያለው የጥር 2017 እትም ደግሞ ቁጥር 11 ነው። በየወሩ ቢወጣ 17 መሆን ነበረበት። 6 ጊዜ ኅትመት የዘለለ ቤት ደመወዝ ከመዝለልም አይመለስ ይሆናል።

አንባቢውን በሚመለከት «ወጣት ወንዶች» ብለሽ አትለፊው። አንድ ሰው ምረጪ፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ የ28 ዓመት ቴክኒሻን፣ እቁብ የሚጥል፣ ለሚያዝያ ሠርግ የሚያስብ። ለእሱ የሚሆን ስንት ገጽ አለ? የዚሁ የጥር እትም ገጽ 34 «በዚህ ክረምት ጺምህን ከበረዶ ጠብቅ» ይላል። ጥር ላይ ክረምት የማን አገር ነው? ደሴ ብርድ አታጣም፣ የጦሳ ሥር ውርጭም ይታወቃል፤ ክረምቱ ግን ሐምሌና ነሐሴ ነው። ጽሑፉ ከፈረንጅ ተገልብጦ ወቅቱ እንኳ አልተነካም። እዚያው የቀረበው ሰዓትም ዋጋው በዶላር ነው። ቴክኒሻንሽ እዚህ ገጽ ላይ የለም።

ፎቶዎቹን በማስመሪያ ለኪ። ጥሩ ኅትመት በኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል፤ ስፋቱ 1000 ፒክሰል የሆነ ፎቶ ከ8.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲለጠጥ ይደበዝዛል፣ ለሙሉ ኤ4 ስፋት ወደ 2480 ፒክሰል ያስፈልጋል። የደበዘዘና የባለቤቱ ስም የሌለው ፎቶ ሁሉ ከኢንተርኔት የተነሣ ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ጥቁር ላይ በነጭ የተጻፈውንም ገጽ እዪው። የኛ ፊደል ቀጭን እግርና ቀለበት ስላለው በትንሽ መጠን በአራት ቀለም ላይ ነጭ ሲደረግ፣ ፕሌቶቹ (የየቀለሙ ማተሚያ ሰሌዳዎች) በትንሹም ቢዛነፉ ቀለም ይሞላውና «ቀ» እና «ቁ» አይለዩም። ጥራዙን ለመፈተን መሐሉን አምስት ጊዜ ገልብጠሽ ክፈቺ። በሙጫ የተጠረዘ ሆኖ ቅጠል ከለቀቀ፣ ከማጣበቁ በፊት ጀርባው በደንብ አልተፋቀም ይሆናል። ለ64 ገጽ በሽቦ መስፋት ይበቃ ነበር።

አሁን ሁለቱን እትሞች ይዘሽ ፒያሳ ውረጂ። አንዱን ፀጉር ቤት፣ ሌላውን ልብስ ሰፊ ቤት ለአራት ቀን አስቀምጪ። መጽሔት የተነበበበትን ቦታ ራሱ ይናገራል፤ የገጹ ጠርዝ በጣት ቅባት ይጠቁራል፣ ጀርባውን ይዘሽ ስትለቂው በዚያው ይከፈታል። የጠቆሩትን ገጾች ጻፊ፣ ንጹሕ የቀሩትንም። ከተወዳዳሪዎችሽ ይህን የሚያደርግ ብዙ አይመስለኝም።

ሦስቱን ገጽ ስትጽፊ ግማሽ ገጽ ለቆጠራው፣ አንድ ገጽ ለሁለት ጠንካራ ጎኖች፣ አንድ ገጽ ለሦስት ጉድለቶች ስጪ፤ በቀረው ግማሽ ገጽ ላይ ገጽ 34ን አንቺ ብትሠሪው ምን እንደሚመስል አሳዪ።

የትኛውን ወንበር ልጠይቅ ላልሽው፣ ለአርትኦትና እርማት ጠረጴዛ እንደማዳላ አልደብቅሽም። ዐምደኛ መሆን ደስ ይላል፤ ሲከስሩ ግን መጀመሪያ የሚቀነሰው ዐምደኛ ነው። የመጣውን ጽሑፍ ሁሉ የምታነበው ሰው መጽሔት እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ዓመት ታውቃለች። ሥራውም ሞልቷል። ከጸሐፊዎች ግማሹ በቆየው የአማርኛ መጻፊያ በፓወር ግዕዝ፣ ግማሹ ስልክና ኮምፒውተር ሁሉ በሚያነበው የፊደል ሥርዓት በዩኒኮድ ይልካል፤ ገጽ ቅንብር ላይ ሲለጠፍ ፊደሉ ይዝረከረካል፣ ማንም ሳያይ ይታተማል።

ወንድምሽን ማውጫውን አስነብቢው። ስሟ ከነቃሏ የተጠቀሰ ሴት ስንት እንዳለች፣ ለፎቶ ብቻ የቆመች ስንት እንዳለች ቁጠሪና ቁጥሩን አሳዪው፤ ቁጥሩ የሚያሳፍር ከሆነ እሱም ጉድለት ነውና ግምገማው ውስጥ ይግባ።

አባትሽን በአክብሮት እቃወማቸዋለሁ። «የመንግሥት ሥራ ጡረታ አለው» የሚሉት የግሉም አለው፤ 7 በመቶ ካንቺ፣ 11 በመቶ ከአሠሪው። መጠየቅ ያለበት ይህኛው አሠሪ በትክክል ያስገባል ወይ የሚለው ነው። የታናሽሽ ክፍያ ግን የወላጅ ዕዳ ነው። ገና ያልያዝሽውን ደመወዝ ከፋፍሎ «ምረጪ» ማለት ምርጫ መስጠት አይደለም። የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ከፍለሽ የሚተርፍሽን እስክታውቂ ለማንም ቃል አትግቢ። ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመጽሔቱ ሒሳብ ካልያዘልሽ እዚያ መግባት ሽንፈት የለውም።

ያለ ደመወዝ ሦስት ወር? እምቢ በዪ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ደመወዝ ይከፈለዋል። ውሉን በጽሑፍ ጠይቂ። ተቀጥረሽ የምትጽፊው፣ ሌላ ካልተስማማችሁ፣ የአሠሪው መሆኑንም አትርሺ።

ገጽ 41ን ሳልጠቅስ አላልፍም። «ፀጉር»፣ «ጸጉር»ና «ጠጉር» በአንድ ዐምድ ውስጥ ሦስቱም አሉ፤ ከስንት እስከ ስንተኛው መስመር እንደሆነ ጽፈሽ የጉድለቶቹን ገጽ ከዚያ ጀምሪው።