ቴራፒስቱ ቡና ሲጋብዝ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች ጉዳያቸው ቢለያይም ዞረው የሚገናኙት አንድ ቦታ ነው፦ ገመናችንን ከሰማ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር እስከ ምን ድረስ መቀራረብ ይቻላል? ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ «ያበላሸሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም» በሚል መንፈስ ነው የጻፉልን። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመን ይህን እንበል። ወሰኑን የመጠበቅ ግዴታ የባለሙያው ነው። ተገልጋይ ቢወድም፣ ቢያኮርፍም፣ ቢሽኮረመምም ተጠያቂው ፈቃድ የያዘውና ክፍያ የሚቀበለው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። ከፍቺ በኋላ አንድ ሳይኮሎጂስት ዘንድ 1 ዓመት ተመላለስኩ። በመጨረሻዎቹ ቀጠሮዎች «ቴራፒውን ብንዘጋው እኮ እንደ ማንኛውም ሰው መገናኘት እንችላለን» ይለኝ ነበር። ከተዘጋ 8 ወር ሆነው። ቡና ይጋብዘኛል፣ ማታ ማታ መልእክት ይልክልኛል፣ እኔም ልቤ ሸፍቷል። ሁለታችንም ላጤ ነን፣ ሁለታችንም አዋቂ። ነውሩ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ነውሩ ሚዛኑ ላይ ነው። እሱ የሚያስፈራዎትን፣ የሚያባብልዎትን፣ ከአባትዎ ጋር የነበረዎትን ቅሬታ፣ ትዳርዎ እንዴት እንደፈረሰ ያውቃል። እርስዎ ስለ እሱ የሚያውቁት የቢሮውን ሶፋና የድምፁን ልስላሴ ነው። ደግሞም በየሳምንቱ ለ50 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጥ የሚያዳምጥን ሰው መውደድ በቴራፒ ውስጥ የተለመደ ነገር ነው፤ ሰው ለወላጁ ወይም ለቀድሞ ፍቅሩ የነበረውን ስሜት ባለሙያው ላይ ያሳርፋል። ባለሙያው ይህን ተምሮታል። ስሜቱን አንስቶ ከእርስዎ ጋር መመርመር ሥራው ነው፤ ለራሱ መቀበል ግን አይፈቀድለትም።

የአሜሪካ ሳይኮሎጂስቶች ማኅበር ደንብ ቴራፒ ካበቃ በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት ሳይሞላ ከቀድሞ ተገልጋይ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት ማድረግን ይከለክላል። 2 ዓመቱ ሲሞላም በሩ ወለል ብሎ አይከፈትም፤ ብዝበዛ አለመኖሩን የማስረዳት ሸክሙ የሳይኮሎጂስቱ ነው። ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ ቴራፒው ሳያልቅ «ካለቀ በኋላ…» የሚል ፍንጭ ሰጥቶ እንደሆነ ነው። የጻፉልን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ፍንጭም አይባልም፤ ግልጽ ግብዣ ነው። ባለሙያው ካውንስለር ቢሆን ኖሮ የአሜሪካ የምክር ባለሙያዎች ማኅበር የሚለው 5 ዓመት ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪም ቢሆን ደግሞ የሐኪሞቹ ማኅበር ከቀድሞ ታካሚ ጋርም ቢሆን ጊዜ ሳይወስን ከልክሏል።

ይህ የማኅበራት ደንብ ነው። እርስዎ ባሉበት በካሊፎርኒያ ግን ነገሩ ወንጀል ሊሆን ይችላል። በግዛቲቱ የንግድና የሙያ ሕግ ቁጥር 729 መሠረት ከተገልጋይ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመ ቴራፒስት ይከሰሳል። ቴራፒውን የዘጋው በዋነኛነት ለዚሁ ሲል ከሆነም ያው ነው፤ ነጻ የሚያወጣው ተገልጋዩን በሦስተኛ ባለሙያ ጥቆማ ወደ ሌላ ገለልተኛ ቴራፒስት መርቶት ከነበረ ነው። «ፈቅዳ ነው» የሚለው መከላከያ አያገለግልም። ተበዳዩ አንድ ሰው ሲሆንና የቀድሞ ጥፋት ከሌለ ቅጣቱ እስከ 6 ወር እስር ወይም እስከ 1,000 ዶላር ወይም ሁለቱም ነው። ተበዳዮቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ወደ ዓመታት እስር ሊያድግ ይችላል። በፍትሐ ብሔርም ቴራፒው ካበቃ በ2 ዓመት ውስጥ ለተፈጸመ ግንኙነት ካሳ መጠየቅ ይቻላል። እንዲህ ያለውን ድርጊት በአሜሪካ ቀድማ ወንጀል ያደረገችው የዊስኮንሲን ግዛት ናት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984፤ ሚኒሶታ በ1985 ተከተለች።

አሁን ምን ያድርጉ? ለመልእክቶቹ መልስ የመስጠት ግዴታ የለብዎትም፤ ግን አንዱንም አያጥፉ። ቀኑና ሰዓቱ በሚታይበት መንገድ ፎቶ አንስተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ሌላ ቴራፒስት ዘንድ ይሂዱና የሆነውን ይንገሩ። በካሊፎርኒያ ከቀድሞ ቴራፒስት ጋር የግብረ ሥጋ ንክኪ እንደነበረ የሰማ ቴራፒስት መብትዎን የሚዘረዝር የመንግሥት ቡክሌት ሊሰጥዎትና ሊያስረዳዎት ግዴታ አለበት፤ ያለ ፈቃድዎ ግን ጉዳዩን ለማንም ማሳወቅ አይችልም። አቤቱታ ለማቅረብ ሲወስኑ ፈቃዱን ያጣሩ። ሳይኮሎጂስት ከሆነ ተቆጣጣሪው የሳይኮሎጂ ቦርድ ነው፤ የትዳርና ቤተሰብ ቴራፒስት ወይም ሶሻል ወርከር ከሆነ ሌላ ቦርድ ነው። በተሳሳተ በር ገብቶ ወራት ማባከን የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አማርኛ የሚናገር ቴራፒስት እንደ ልብ አይገኝም። ያገኘኋት ባለሙያ የምሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናት፤ ባለቤቷም ከባለቤቴ ጋር አንድ ዕቁብ ገብቷል። በዚህ ላይ እናቴ «ለልጅሽ ክርስትና እናት ትሁንልሽ» ትላለች። ልተዋት?

መልስ፦ መተው የለብዎትም፤ ክርስትና እናትነቱን ግን ይተዉት። የሙያ ደንቦች ከቴራፒ ውጭ የሚኖርን ግንኙነት ሁሉ አይከለክሉም። የሚከለክሉት የባለሙያዋን ገለልተኛነት ይሸረሽራል ወይም ተገልጋዩን ለብዝበዛ ያጋልጣል ተብሎ የሚጠበቀውን ነው። አንድ ቅዳሴ ላይ መቆም ከዚህ አይገባም። ክርስትና እናትነት ግን የዕድሜ ልክ ዝምድና ነው። ነገ በቴራፒው ቅር ቢሰኙ አበ ልጅዎን እንዴት ያሰናብታሉ? ለሽማግሌ የሚሆን ነገር ይመጣል።

ዕቁቡ መሃል ላይ ያለ ነገር ነው። ባልዎ ዕጣ ከወጣለት በኋላ መክፈል ቢያቆም የቴራፒስትዎ ቤት የገንዘብ ጠያቂ ይሆናል። እሷ ይህን በግልጽ አንስታ ልትነጋገርበት፣ የደረሳችሁበትንም በመዝገብ ልታሰፍር ይገባል። ከሁለቱ ባሎች አንዱ በሚቀጥለው ዙር ከዕቁቡ ቢወጣ ነገሩ ይቀላል።

ሌሎቹ ነገሮች በመጀመሪያው ቀጠሮ 10 ደቂቃ የሚፈጁ ናቸው። ደጀ ሰላም ላይ ስንገናኝ ማን ቀድሞ ሰላም ይላል? (የተለመደው፣ ተገልጋዩ ሰላም ካላለ ባለሙያዋ ዝም ብላ ማለፏ ነው፤ እንደ ኩራት አይቁጠሩባት።) ሰው «ከየት ትተዋወቃላችሁ?» ቢል መልሱ ምንድን ነው? ድግስ ላይ አንድ ጠረጴዛ ብንቀመጥስ? በቡና ወሬ መሃል ስለ ቴራፒው እንዳይነሳ መስማማትም አይዘንጋ።

ጥያቄ፦ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉምልኝ ሰው የአጎቴ ጓደኛ ሆኖ ተገኘ። ምንም መናገር አልቻልኩም።

መልስ፦ «ሌላ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ ምክንያት መዘርዘር አይጠበቅብዎትም። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ የጤና ተቋም ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት፤ ከቤት አስተርጓሚ ይዘው እንዲመጡም ሊያስገድድዎት አይችልም። በስልክ የሚሠራ፣ ከሌላ ግዛት የሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ስምዎን ሳይነግሩት መጀመር ይችላሉ። ልጅን ማስተርጎም ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ካውንስለር ነኝ። ተገልጋዮች ለበዓል ድፎ ዳቦ፣ ቅቤ፣ ቡና ያመጣሉ። አንዷ ደግሞ ቤት በርካሽ ላከራይህ ብላኛለች። አልቀበልም ማለት በእኛ ባህል ስድብ ነው።

መልስ፦ ሁለቱን ይለዩአቸው። ቶማስ ጉትሄይልና ግሌን ጋባርድ የተባሉ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች በ1993 ባሳተሙት ጽሑፍ ወሰንን መሻገርና ወሰንን መጣስ አንድ እንዳልሆኑ አስረድተዋል። ያልተለመደ ሆኖ ተገልጋዩን የማይጎዳ፣ አንስቶ መነጋገር የሚቻልበት ነገር መሻገር ነው። የሚጎዳና የሚበዘብዝ ነገር መጣስ ነው። ለፋሲካ የመጣ ድፎ ዳቦ መሻገር ቢባል ነው። ለቢሮው ሠራተኞች ሁሉ ቆርሰው ያካፍሉት፤ በመዝገቡ «ለበዓል ዳቦ አመጣች፣ በቢሮው ተበላ፣ ተመሰገነች» ብለው ይጻፉ።

ቅቤው 5 ኪሎ ሲሆን ግን ቆም ይበሉ። የስጦታው ዋጋ ከአንድ ቀጠሮ ክፍያ ከበለጠ፣ ሰውየው ክፍያ ለመቀነስ ከለመነ በኋላ ከመጣ፣ ወይም በነጋታው «እባክህ ይህን ወረቀት ጻፍልኝ» ከተከተለ የስጦታው ትርጉም ተለውጧል። እኛ የምንመክረው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «አክብሮትዎን ተቀብያለሁ፤ ሥራችን ግን እንዲህ ያለ ስጦታ እንድወስድ አይፈቅድልኝም። ለማምጣት ሲያስቡ ምን ተሰማዎት?» ሁለተኛው ክፍል ካልተጠየቀ ሰው ተዋርዶ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ኪራዩ መጣስ ነው። ብድር መስጠትና መቀበል፣ መኪና መግዛት፣ ዘመድ ማስቀጠርም እዚያው ይመደባሉ። አከራይዎ የሆነችን ሴት «ዛሬ ስለ ቁጣሽ እንነጋገር» ሊሏት አይችሉም።

ጥያቄ፦ የባለቤቴን ምክክር የምከፍለው እኔ ነኝ። ካውንስለሯን ምን እንደምትናገር ብጠይቃት ዘጋችብኝ። መብቴ አይደለም ወይ?

መልስ፦ አይደለም፤ መክፈል ሚስጥር አይገዛም። እንዲያውም ካውንስለሯ «ባለቤትህ እዚህ ትመጣለች» ማለት እንኳ አይገባትም። በስልክ የሚመከረው መልስ «እዚህ ማን እንደሚመጣና እንደማይመጣ ለማንም አንናገርም» የሚል ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 የወጣው የአገሪቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና ሌሎች የሙያ ሚስጥር ያለባቸውን ሰዎች ሚስጥር ካወጡ ይቀጣል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 400 ማውጣት የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ይደነግጋል፤ ዋነኛው የባለ ሚስጥሩ ፈቃድ ነው። አብረው መነጋገር ከፈለጉ ባለቤትዎ በጽሑፍ ፈቅደው የጋራ ቀጠሮ ሊያዝ ይችላል።

ሚስጥር ግን ወሰን የሌለው አይደለም። በ1969 በካሊፎርኒያ አንድ ተማሪ ታቲያና ታራሶፍ የተባለችውን ወጣት እንደሚገድል ለቴራፒስቱ ተናግሮ ነበር፤ ቴራፒስቱ ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ ቢያሳውቅም እሷም ቤተሰቧም ሳይነገራቸው ተገደለች። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 እንዲህ ያለ አደጋ ላይ ያለውን ሰው ለመጠበቅ ቴራፒስት ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። ሁሉም ግዛት ግን አልተከተለም፤ የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 ተጎጂውን የማስጠንቀቅ ግዴታን አልቀበልም ብሏል። ቴክሳስ ውስጥ ዳላስ ያለ ቴራፒስትና ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ያለ ቴራፒስት አንድን ዛቻ ሰምተው በሕግ ፊት የሚጠበቅባቸው የተለያየው ለዚህ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን «ሚስጥሬን መቼ ታወጣለህ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በጽሑፍ ሊሰጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ እህቴ አዲስ አበባ ውስጥ የምትታከምበት ሐኪም ከምክክሩ ጋር አያይዞ አካላዊ ግንኙነት ጀምሯል። እሷ ደግሞ «እወደዋለሁ» ትላለች። የት እንሂድ?

መልስ፦ ከመሄድዎ በፊት ሐኪሙን ደውለው አያስጠንቅቁት። ይህ በየጊዜው የሚፈጸም ስህተት ነው፤ ካርዱ ይስተካከላል፣ ቀጠሮዎች ይሰረዛሉ፣ እህትዎም «ቅዠት ያለባት ታካሚ» ተብላ ልትጻፍ ትችላለች።

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 625 የሴትን ቁሳዊ ወይም አእምሯዊ ችግር፣ ወይም በእሷ ላይ ያለውን ሥልጣን ተጠቅሞ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመን ሰው ይቀጣል። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ክሱ የሚነሳው በግል አቤቱታ ነው፤ አቤቱታውም ተበዳይዋ ወንጀሉንና ፈጻሚውን ካወቀችበት ቀን አንስቶ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌ ልከው ሲያባብሉ ጊዜው ያልፋል። ሁለተኛ፣ አንቀጹ የሚናገረው ስለ ሴት ስለሆነ ወንድ ታካሚ በዚህ በር አይገባም፤ ለእሱ የቀረበው መንገድ የሙያ ሥነ ምግባር አቤቱታ ነው።

የሥነ ምግባር አቤቱታው ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ከፖሊሱ ጋር ጎን ለጎን መሄድ ይችላል። ውስጡ የባለሙያው ሙሉ ስም፣ የሚሠራበት ተቋም፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀጠሮ ቀን፣ ድርጊቱ ከቀጠሮው በፊት ወይም በኋላ የሆነበት ሰዓትና ቦታ፣ የክፍያ ደረሰኞችና የስልክ መልእክቶች ቅጂ ይኑሩ። አሜሪካ ያሉ አንባቢዎቻችን የሕክምና መዝገባቸውን ጠይቀው በ30 ቀን ውስጥ ማግኘት ይችላሉ፤ ከዋናው መዝገብ ተለይቶ የሚቀመጠውን የቴራፒስቱን የግል ማስታወሻ ግን አይጨምርም። ሚስጥራቸው ያለ አግባብ ወጥቶ ከሆነ ለፌዴራሉ የጤና መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤት በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት አለባቸው።

እህትዎ «እወደዋለሁ» ማለቷን አይከራከሩ። አቤቱታውን መፈረም ያለባት እሷ ናት፤ ከእናንተ ጋር ከተኳረፈች ደግሞ የምትቀረው ከሐኪሙ ጋር ብቻ ነው። አስቀድሞ የሚያስፈልጋት ሌላ ባለሙያ ነው፤ በተቻለ መጠን በሌላ ተቋም የሚሠራ፣ ከፈለገች ሴት። የምትወስደው መድኃኒት ካለ ሐኪሙን ስለ ሸሸች ብቻ በድንገት እንዳታቋርጥ፤ አዲሱ ሐኪም እስኪያያት የሚበቃትን ያህል በእጇ መኖሩን ዛሬውኑ ያረጋግጡ።