የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ርካሹ የባቡር ትኬት ሳያልቅ ቪዛውን መያዝ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ። በአዳማ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ቤታችን ከድሮው የባቡር ጣቢያ ብዙም የማይርቅ ስለነበር የድሬዳዋው ባቡር ሲገባ ጡሩንባውን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ተማሪዎቼን የአልፕስን ተራሮችና የዳኑብን ወንዝ በካርታ ሳስተምር፣ አንድ ቀን በባቡር መስኮት ላያቸው እመኛለሁ። በዕቁብም በቁጠባም ያጠራቀምሁት ገንዘብ አለኝ፤ ብዙ ግን አይደለም። በመጪው ክረምት ሦስት ሳምንት ያህል ወስጄ ሮምን፣ ፍሎረንስን፣ ቬኒስን፣ ቪየናን፣ ፕራግን፣ ቡዳፔስትን፣ በርሊንን፣ ፓሪስንና ለንደንን በባቡር ለመጎብኘት አስቤያለሁ። ቪየና የአክስቴ ልጅ ትኖራለች። አንዳንዶች «ሁሉንም የሚያዞርሽ አንድ የባቡር ፓስ ግዢ» ይሉኛል፤ ሌሎች ደግሞ «ትኬቱን ቀደም ብለሽ ከገዛሽ በጣም ይረክሳል» ይላሉ። የቱ ይሻለኛል? ከየትስ ልጀምር?

*አንዲት መምህርት፣ ከአዳማ*

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም መካሪዎችዎ እውነት አላቸው። ከሁለቱ የቱ እንደሚበጅዎ የሚወስነው ግን ቪዛዎ የሚወጣበት ቀን ስለሆነ መልሴን ከዚያ እጀምራለሁ።

ከዘረዘሯቸው ከተሞች ከለንደን በቀር ሁሉም የሚገኙት በሼንገን ክልል ውስጥ ነው። ክልሉ ዛሬ 29 አገሮችን ያቀፈ ሲሆን፣ በአንድ ቪዛ ከ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ድረስ ከአገር ወደ አገር መዘዋወር ያስችላል። ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት፣ ለሌሎች 15 ቀን የሆነው የማመልከቻ መመርመሪያ ጊዜ ለእኛ 45 ቀን ሆኗል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቀርቷል። ይህ ውሳኔ እስካልተነሳ ድረስ የሚያገኙት ቪዛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ስለሚሆን፣ ከክልሉ አንዴ ከወጡ በዚያው ቪዛ መመለስ አይችሉም። ስለዚህ ለንደንን ከዚህ ጉዞ እንዲያወጧት እመክርዎታለሁ። ብሪታንያ የራሷን ቪዛ የምትጠይቅ ከመሆኗም በላይ፣ በጉዞው መሀል ለንደን ደርሶ ወደ ፓሪስ ወይም ወደ ቪየና መመለስ አይቻልም። ቤልግሬድና ሳራዬቮም ከክልሉ ውጪ ናቸውና «በመንገዴ ላይ ናቸው» ብለው እንዳይገቡባቸው።

አሁን ወደ ትኬቱ ልምጣ። በአውሮፓ ረጅም ርቀት የሚሄዱ ብዙ ባቡሮች ዋጋቸውን የሚተምኑት እንደ አውሮፕላን ነው። ጥቂት ርካሽ መቀመጫዎች ከጉዞው ቀን በርካታ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ቀደም ብለው ለሽያጭ ይቀርባሉ፤ እነሱ ሲያልቁ ዋጋው እየወጣ ይሄዳል፤ በጉዞው ዋዜማ የሚገዛ ሰው የዚያኑ ወንበር ብዙ እጥፍ ሊከፍልበት ይችላል። እነዚህ ርካሽ ትኬቶች አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አይመለስባቸውም፣ ቀንም አይቀየርባቸውም። «ቀድማችሁ ግዙ» የሚለው ምክር የተጻፈው ቪዛ ለማያስፈልገው መንገደኛ ነው፤ ቪዛ የሚጠብቅ ሰው ምክሩን እንዳለ ከወሰደው፣ ማመልከቻው ውድቅ በሆነ ቀን ትኬቱም አብሮ ይቃጠልበታል። በላብ የተጠራቀመ ገንዘብ በዚህ መንገድ ሲጠፋ ማየት ያሳዝነኛልና፣ ቪዛው ፓስፖርትዎ ላይ ሳይለጠፍ ተመላሽ የማይሆን ምንም ነገር እንዳይገዙ አደራ እላለሁ።

መፍትሔው ማመልከቻውን ማስቀደም ነው። ሕጉ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ማመልከትን ይፈቅዳል። ለምሳሌ ነሐሴ 16 ለመነሳት ካሰቡ፣ መጋቢት መጀመሪያ ላይ ቢያመለክቱ 45ቱ ቀን የሚሞላው በሚያዝያ አጋማሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለትኬት ግዢ አራት ወር ገደማ ይቀርዎታል። ነሐሴ 16ን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአውሮፓ ሐምሌና የነሐሴ መጀመሪያ ሰው የሚበዛበትና የመኝታ ዋጋ የሚንርበት ጊዜ ሲሆን፣ ጣሊያኖች ትልቁን የበጋ በዓላቸውን የሚያከብሩትም በእኛ ነሐሴ 9 ቀን ነው። ያ ሲያልፍ ሕዝቡ ቀስ በቀስ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ እርስዎም ፍልሰታን በአገርዎ ፈትተው ይነሳሉ፤ አዲሱ ዓመት ሲገባም ተመልሰው ወደ ክፍልዎ ለመግባት ይደርሳሉ። ለማመልከቻው የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ዋስትና፣ ከአውሮፓ ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል ፓስፖርት፣ የሥራና የፈቃድ ደብዳቤ እንዲሁም የባንክ ሒሳብ መግለጫም ያስፈልጋል። ከሁሉ ይልቅ መርማሪው የሚያየው የጉዞ ዕቅዱ ከገንዘቡና ከዕረፍት ቀኑ ጋር መስማማቱን ነው። በሦስት ሳምንት ዘጠኝ ከተማ የሚል ወረቀት ደግሞ አያሳምንም።

በዚህ ምክንያት፣ ደግሞም ለራስዎ ድካም ስል፣ ፓሪስንና በርሊንንም ቆርጬ የሚከተለውን መንገድ አቀርባለሁ። በአውሮፕላን ሮም ገብተው ከቪየና ይመለሱ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሁለቱም ይበርራል፤ በአንዱ ከተማ ገብቶ በሌላው መውጣት ወደ መነሻው ለመመለስ የሚጠፋውን የባቡር ሒሳብና ቀን ያድናል። ሮም አራት ሌሊት፣ ፍሎረንስ ሁለት፣ ቬኒስ ሁለት፤ ከዚያ በሌሊት ባቡር ቪየና፤ ከአክስትዎ ልጅ ዘንድ ሦስት ሌሊት፤ ቀጥሎ ፕራግ አራት፣ ቡዳፔስት ሦስት፤ በመጨረሻ ለበረራው ዋዜማ ወደ ቪየና መመለስ። በባቡር ላይ ከሚያድሩት ጋር ሃያ ሌሊት ይሆናል። ብዙውን ሌሊት የሚያድሩት በጣሊያን ስለሆነ ማመልከቻዎን የሚያስገቡት ለጣሊያን ነው፤ ደንቡ ብዙ ቀን የሚቆዩበትን አገር፣ ቀኑ እኩል ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚገቡበትን አገር ያስቀድማል። ዘመድዎ ቪየና ስላለች ብቻ ለኦስትሪያ ማመልከት ስሕተት ይሆናል።

በዚህ መንገድ ባቡር የሚሳፈሩት ስድስት ጊዜ ብቻ ነው። ከሮም ወደ ፍሎረንስ ፈጣኑ ባቡር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያደርሳል፤ «ሬጂዮናሌ» የሚባለው ዘገምተኛው የአካባቢ ባቡር ደግሞ አራት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል፤ ዋጋው ግን ቋሚ ስለሆነ በዕለቱ ቢገዙትም አይጨምርም። ቪዛ ዘግይቶ ለሚወጣለት መንገደኛ ይህ ትልቅ ማምለጫ ነው። የዚህን የአካባቢ ባቡር የወረቀት ትኬት ከያዙ፣ ከመሳፈርዎ በፊት በመድረኩ መግቢያ ላይ ባለችው ትንሽ ሳጥን አፍ ውስጥ ያስገቡት፤ «ጭር» ብላ ቀንና ሰዓት ታትምበታለች። ያልታተመበት ትኬት ገዝተውት እንኳ እንዳልተገዛ ተቆጥሮ ሊያስቀጣዎት ይችላል። ቬኒስ ላይ ማደሪያዎ ከደሴቲቱ ይልቅ በየብሱ ላይ ባለችው ሜስትሬ ቢሆን ዋጋው ይቀንሳል፤ ከዚያ ወደ ደሴቲቱ ባቡሩ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። ከቪየና ወደ ፕራግ አራት ሰዓት ያህል ነው፤ በዚህ መስመር የመንግሥትም የግልም ባቡሮች ስለሚወዳደሩ ትኬቱ ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው።

ከፕራግ ወደ ቡዳፔስት ያለው ሰባት ሰዓት ያህል የሚፈጅ መንገድ ግን ለጂኦግራፊ መምህርት የተሠራ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ እባክዎን ይህንን በቀን ይጓዙት። ብራቲስላቫን አልፈው ስሎቫኪያን ሊጨርሱ ሲሉ፣ ከዳኑብ ማዶ ከፍ ብሎ በሀንጋሪዋ ኤስተርጎም ከተማ ያለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን (ባዚሊካ) ጉልላት ብቅ ይላል። ከዚያ ሐዲዱ የዳኑብን ዳር ይዞ ይሄዳል፤ ወደ ምሥራቅ ሲፈስ የነበረው ወንዝ በኮረብቶቹ መካከል ታጥፎ ፊቱን ወደ ደቡብ ሲያዞር በዓይንዎ ያዩታል። በዚህ አቅጣጫ ሲጓዙ ወንዙ የሚገኘው በስተቀኝ ነውና መቀመጫ ሲይዙ በቀኝ በኩል የመስኮት ወንበር ይምረጡ። አልፕስንም በብርሃን ማየት ከፈለጉ ከቬኒስ ወደ ቪየና በሌሊቱ ፈንታ በቀኑ ባቡር ይሂዱ። አብዛኛውን ቀን ይወስድብዎታል፤ በምትኩ ግን ከ1848 እስከ 1854 እ.ኤ.አ. በተራራ ላይ የተዘረጋውን፣ በ1998 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የዜመሪንግ ሐዲድ ያልፉበታል። የአንድ ሌሊት የመኝታ ወጪ ቢጨምርብዎም እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ቀኑን እመርጥ ነበር።

እንግዲህ ፓስ ወይስ ትኬት? ለስድስት ጉዞ፣ ከቪዛው በኋላ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ከቀረዎት፣ እያንዳንዱን ትኬት ለየብቻ መግዛት እንደሚረክስዎ አምናለሁ። የፓሱ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ቪዛው ዘግይቶ፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀር የወጣ እንደሆነ ነው፤ የነጠላ ትኬቱ ዋጋ በየቀኑ ሲያሻቅብ የፓሱ ዋጋ በቀኑ መቅረብ አይጨምርም። ያም ሆኖ በጣሊያን ፈጣን ባቡሮችና በሌሊት ባቡሮች ላይ ፓስ ያለውም ሰው ለመቀመጫ ወይም ለመኝታ ማስያዣ ተጨማሪ ይከፍላል። የአክስትዎ ልጅ «እኔ ልግዛልሽ» ብትልዎ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ኢንተርሬይል የሚባለው ፓስ የአውሮፓ ነዋሪዎች ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው የሚገዛው ዩሬይል የተባለውን ነው።

ለምግብ የሚወጣው ገንዘብ ከባቡሩ ሊበልጥ ስለሚችል እሱንም አስቀድመው ያስቡበት። በሮም ጎዳናዎች ላይ ንጹሕ የመጠጥ ውኃ ያለማቋረጥ የሚያፈሱ ከሁለት ሺህ በላይ ቧንቧዎች አሉ፤ የቪየናም የቧንቧ ውኃ ከአልፕስ ምንጮች የሚመጣ ነውና ኮዳ ይያዙ እንጂ ውኃ አይግዙ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ ከሆነ ፒዛ ማሪናራ ብለው ይዘዙ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት እንጂ አይብ የለበትም። ሀንጋሪና ቼክ በዩሮ አይገበያዩም፤ በጣቢያ በር ላይ ካሉ መንዛሪዎች ይልቅ በባንክ ካርድ መክፈል ይሻላል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ባንክዎን በውጭ አገር የሚያገለግል ካርድ ይጠይቁት።

ጥያቄ

የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ ዘንድሮ ተመርቄያለሁ። ቪዛዬ ወጥቷል፤ የምነሳው ከሁለት ሳምንት በኋላ ስለሆነ ፓስ ልገዛ ነው። የ«ጉዞ ቀን» አቆጣጠሩ አልገባኝም።

*አንድ አንባቢ፣ ከአዳማ*

መልስ

ዕድሜዎ ከ27 ስላላለፈ በወጣት ዋጋ መግዛት ይችላሉ። ለምሳሌ «በአንድ ወር ውስጥ ሰባት ቀን» የሚለውን ፓስ ከገዙ፣ ባቡር የሚሳፈሩባቸውን ሰባት ቀናት ራስዎ ይመርጣሉ፤ በአንዱ ቀን ውስጥ የፈለጉትን ያህል ባቡር መቀያየር ይችላሉ። ቀኑ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ እንደለመድነው ከንጋት አይጀምርም። 21:05 የሚል ካዩ በእኛ ከምሽቱ 3:05 ነው። በዚያ ሰዓት የሚነሳ የሌሊት ባቡር ተሳፍረው እስከ ማለዳ ካልቀየሩ የሚቆጠርብዎ የተነሱበት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሌላ ባቡር ከቀየሩ ግን ሁለተኛ ቀን ይቃጠልብዎታል። ፓሱ በስልክ መተግበሪያ ላይ የሚገኝ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ጉዞ ከመሳፈርዎ በፊት ያስመዝግቡበት፤ ቢያንስ በየሦስት ቀኑም ስልክዎን ከኢንተርኔት ያገናኙት። ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ቢጠፋ ተቆጣጣሪው ፊት ትኬት እንደሌለው ሰው ነዎትና ተጨማሪ ባትሪ መያዝን እንደ ግዴታ ይቁጠሩት። ፓስፖርትዎንም ከኪስዎ አይለዩ፤ በሼንገን ውስጥም ቢሆን ድንበር ሲሻገሩ ፖሊስ ባቡር ውስጥ ገብቶ ሊጠይቅ ይችላል።

ጥያቄ

ልጄ ቪየና ነው የምትኖረው። ልጠይቃት ስሄድ በሮም በኩል ገብቼ በባቡር እቀጥላለሁ። ንጥር ቅቤ፣ ቋንታ፣ በርበሬና ሽሮ ልያዝላት?

*አንዲት እናት፣ ከአዳማ*

መልስ

እናታችን፣ ቅቤውንና ቋንታውን ቤት ይተዉት። የአውሮፓ ኅብረት መንገደኞች ከሌላ አገር ሥጋና የወተት ውጤት ይዘው እንዳይገቡ ይከለክላል፤ ንጥር ቅቤም የሚቆጠረው ከወተት ውጤት ነው። ሮም አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከተገኘ ይወሰድብዎታል፣ ሊያስቀጣም ይችላል። በርበሬውና ሽሮው ከዚህ ክልከላ ውስጥ አይገቡምና በደንብ ታሽገው ይሂዱ። ብቻ ክብደቱን ይመጥኑት፤ ባቡር ላይ ሻንጣ የሚመዝን የለም፣ የሚሸከምልዎም የለም፣ የሠረገላው ደረጃ ደግሞ ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። በአንድ እጅ ማንሳት የሚችሉትን ያህል ብቻ ይያዙ።