4294967295 ውስጥ ምን አለ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ፊልምና ሙዚቃ የምጭንበት ሱቅ አለችኝ። ሚሞሪ ካርድ ላይ ትልቅ ፊልም አልገባ ሲለኝ አንድ ኮምፒውተር የሚማር ደንበኛዬ ጣሪያው 4294967295 ባይት ነው አለኝ። ቁጥር ስለምወድ በ3 አካፈልኩት በ5 አካፈልኩት ከዛ ግን ቆመብኝ፣ ይሄ ቁጥር ነገሩ ምንድነው? 1 ወይ 2 ብጨምርበትስ?
ቁጥር ወዳዱ፣ ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ስለ ካርዱ፣ ፎርማቱ (ፋይል የሚያስቀምጥበት መንገድ) ፋት 32 ከሆነ የአንድን ፋይል መጠን የሚጽፈው በ32 ቢት (0 ወይም 1 በሚገባባቸው 32 ቦታዎች) ነው፣ እዛ ውስጥ የሚገባው ትልቁ ቁጥር ደግሞ 2 ፓወር 32 ሲቀነስ 1 ነው። ኤክስፋት አድርገህ ፎርማት ካደረግከው ይገባል፣ ግን ያለውን ቀድመህ ኮፒ አድርግ፣ አንዳንድ የቆየ ስልክም አያነበውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ3 እና በ5 ስታካፍል 286331153 ላይ ነው የቆምከው አይደል? ቀጣዩ 17 ነበር። ግን እንደዛ አንድ በአንድ ከመልፋት ትምህርት ቤት የተማርነውን የሁለት ስኩዌር ልዩነት አስታውስ፣ 2 ፓወር 32 ሲቀነስ 1 ማለት 65535 ሲባዛ በ65537 ነው፣ 65535 ደግሞ በዛው መንገድ 255 በ257፣ 255 ደግሞ 15 በ17፣ 15 ደግሞ 3 በ5። በቃ አለቀ! 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537፣ አምስቱም ፕራይም (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር በሌላ የማይካፈሉ) ናቸው። እኔ በበኩሌ እንዲህ አምሮ የሚበተን ትልቅ ቁጥር ብዙ አላውቅም።

1 ብትጨምርበት ብዙም ወሬ የለውም፣ ውስጡ 2 ብቻ ነው ያለው። ጉዱ ያለው 2 ስትጨምር ነው። ፌርማ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1600ዎቹ እነዛን አምስት ቁጥሮች አይቶ (2 ፓወር 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ላይ 1 ሲጨመር የሚመጡ ናቸው) ቀጣዩም ማለትም 2 ፓወር 32 ሲደመር 1፣ 4294967297 ፕራይም ነው ብሎ አመነ፣ ከሱ በኋላ ያሉትም ሁሉ እንደዛው። ኦይለር የሚባለው የስዊዝ የሒሳብ ሊቅ ነው በ1732 (በፈረንጆች) ያፈረሰው፣ በ641 ይካፈላል ብሎ።

እንዴት አገኘው ካልከኝ፣ ስኩዌር ሩቱ 65536 ገደማ ስለሆነ በደፈናው ብትሞክር ከ6500 በላይ ፕራይም ይጠብቅሃል። ኦይለር ግን ይሄን ቁጥር የሚያካፍል ፕራይም ካለ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 መትረፍ እንዳለበት አረጋገጠ፣ እንደዛ የሆኑት ፕራይሞች ደግሞ 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ነው የሚሄዱት፣ አምስተኛው ላይ ያዘው ማለት ነው።

ካልኩሌተር ሳትነካ በእስክሪብቶ ሞክረው። 4294 ለ641 ሲካፈል 6 ደርሶ 448 ይተርፋል፣ 9ኙን አውርደህ 4489፣ 7 ይደርሳል 2 ይተርፋል (ለትንሽ ነው ያመለጠው)፣ ከዛ ሁለት ዜሮ፣ ከዛ 4፣ ከዛ 1 ደርሶ መልሶ 448 ይተርፋል፣ የመጨረሻዋን 7 ስታወርድ 4487 ይሆናል እሱ ደግሞ ልክ 641 ሲባዛ በ7 ነው፣ ምንም አይተርፍም። መልሱ 6700417፣ እሱ ራሱ ፕራይም ስለሆነ ከዛ ወዲያ አትድከም።