ባለ 17 ኢንች ወይስ ባለ 13? ለድሬ ቤት የሚሆን የፎቶ ፕሪንተር

የሠርግ ፎቶ እንደሚያነሱ፣ በትርፍ ጊዜዎ ደግሞ የጁጎልን ጠባብ መንገዶችና የሐረሪ ቤቶችን የውስጥ ግድግዳ እንደሚያነሱ ገልጸው፣ ለቤትዎ እስከ ኤ2 የሚያትም ባለ 17 ኢንች ፕሪንተር መግዛት ይሻል እንደሆነ ወይስ ኤ3 ፕላስ የሚያትመው ባለ 13 ኢንች ይበቃዎት እንደሆነ ጠይቀዋል። ሁለቱንም ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር በሚገኘው ቤቴ ስለተጠቀምኩባቸው መልሴ አጭር ነው፤ በየሳምንቱ የማያትሙ ከሆነ ባለ 17ቱን አይግዙ። ምክንያቱ ግን ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ የገዛሁት ያገለገለ ባለ 17 ኢንች የፒግመንት ቀለም ፕሪንተር ነበር። ሥራ ሲኖር በሳምንት አሥር ፎቶ አትምበታለሁ፣ ሳይኖር ደግሞ ጨርቅ አልብሼ እተወዋለሁ። አንድ ዓመት በግንቦት ቤተሰብ ልጠይቅ አዲስ አበባ ሄጄ ስድስት ሳምንት ቆየሁ። ተመልሼ የኖዝል ቼክ ወረቀቱን (ቀለም የሚረጩት ቀዳዳዎች ሁሉ መሥራታቸውን የሚያሳየውን መፈተሻ) ሳወጣ፣ ሳይቆራረጡ እንደ ደረጃ መውረድ ከነበረባቸው መስመሮች የሰማያዊው (የሳያኑ) ግማሽ የለም፤ ለማያንጸባርቅ ወረቀት የሚሆነው ማት ጥቁሩማ ጭራሽ አልወጣም። ማጽጃውን ደጋግሜ አዘዝኩት። እያንዳንዱ ማጽዳት ቀለሙን እየሳበ ወደ ቆሻሻ መያዣው ስለሚደፋው፣ አንድም ፎቶ ሳላትም ሁለት ካርትሪጅ አለቀብኝ። ከዚያ አንድ ጠጋኝ ሄዱን (ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨውን ክፍል) በሲሪንጅ አጥባለሁ ብሎ ወሰደው፤ ሲመልሰው ጥቁሩ መጣ፣ ቢጫው ግን ጠፋ።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ፒግመንት በፈሳሽ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ዱቄት ስለሆነ፣ ፈሳሹ ሲተን ዱቄቱ ከፀጉር በቀጠነው ቀዳዳ ውስጥ ይጋገራል፤ ዳይ የሚባለው ቀለም ግን በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ በመሆኑ ቢደርቅም መልሶ ለመርጠብ ይቀለዋል። የአብዛኞቹ ፕሪንተሮች መመሪያ የሚፈቅደው የክፍል ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ የድሬ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ይህን ቁጥር ሲያልፍ ማንንም አያስፈቅድም። ሐረር ከፍታ ላይ ስላለች በዚህ በኩል ትሻላለች። መብራት በኅትመት መሐል ሲጠፋ ደግሞ ሄዱ ወደ ክዳኑ ሳይመለስ አየር ላይ እንደ ቆመ ይቀራልና፣ ፕሪንተሩን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚተካ ባትሪ) ባይሰኩት እመክራለሁ። ዩፒኤሱ ብዙ ሰዓት እንዲይዝ አይጠበቅበትም፤ የተጀመረውን ፎቶ አስጨርሶ ሄዱ ወደ ቦታው እስኪገባ ከቆየ ይበቃል።

ስለ መጠኑ፣ ካሜራዎ 24 ሜጋ ፒክስል ነው ብለዋል። 6000 በ4000 ፒክስል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 51 በ34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከኤ3 ፕላስ (48.3 በ32.9) ጋር ይቀራረባል። ኤ2 ላይ ወደ 250 ዲፒአይ ይወርዳል፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከአንድ ሜትር ለሚያየው ሰው ልዩነት የለውም። ስለዚህ ካሜራዎ ለሁለቱም ይበቃል፤ ጥያቄው የሥራ ብዛት ነው።

እኔ አሁን የምጠቀመው ኤፕሰን ኤል 8180ን ነው። እስከ ኤ3 ፕላስ ያትማል፣ ስድስት ቀለም አለው፣ ቀለሙ ከጠርሙስ ስለሚሞላ የአንድ ፎቶ ወጪ ከካርትሪጁ ጋር አይወዳደርም፤ የቆሻሻ ቀለም ሣጥኑንም ያለ ጠጋኝ ራስዎ ይቀይሩታል። የሐረሪ ስፌት ቀይ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ሲወጣ ያምራል። ጥቁርና ነጭ ፎቶም ግራጫ ቀለም ስላለው ወደ አረንጓዴ አያደላም። ጉድለቱ፣ ከጽሑፍ ጥቁሩ በስተቀር ቀለሞቹ ዳይ መሆናቸው ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ ላይ ያለ መስታወት ከተሰቀለ ከፒግመንት ቀድሞ ይደበዝዛል። ለሠርግ አልበም ይህ አያሳስብም። ፎቶውን በፍሬም ለሆቴል ወይም ለኤግዚቢሽን የሚሸጡ ከሆነ ግን ፒግመንት ግድ ነው።

ያን ጊዜ ባለ 17ቱን ቢመርጡ አልቃወምም። ኤፕሰን ፒ900 አሥር ቀለም በ50 ሚሊ ሊትር ካርትሪጅ ይይዛል፣ ክብደቱም ቤት ውስጥ የሚቻል ነው። ካነን ፕሮ-1000 አሥራ ሁለት ባለ 80 ሚሊ ሊትር ካርትሪጅ ሲይዝ፣ 32 ኪሎ ስለሚመዝን ለሁለት ሰው ነው። ለእኛ ከተማ ግን አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ሄዱን ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ መተካት ይችላል። በእኔ ላይ የደረሰው ቢደርስብዎት ዋጋው ቢያምም በአንድ ዕቃ ይወጡታል፤ የፒ900 ሄድ ግን የባለሙያ እጅ ይፈልጋል።

የትኛውንም ቢገዙ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሁሉም ቀለም ያለበትን አንድ ትንሽ ፎቶ ያትሙ። እኔ የማትመው ቅዳሜ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከቀትር በኋላማ እንኳን ፕሪንተሩ እኔም አልሠራም። ወረቀቱን ከላስቲኩ አስቀድመው አያውጡት፤ በደረቅ አየር ጠርዙ ወደ ላይ ይታጠፍና ሄዱ እየነካው ጥቁር ጭረት ይተውበታል። ያገለገለ የሚገዙ ከሆነም ሻጩ በራሱ ምርጫ የሚያወጣልዎትን ያማረ ፎቶ አይመኑ፤ ፊት ለፊትዎ ኖዝል ቼክ ያስወጡት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ቆይተው ድጋሚ ያስወጡት። በሁለተኛው ላይ አንድ መስመር እንኳ ከተቆረጠ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።