ካርታ፣ ኮምፓስና ጂፒኤስ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ጥያቄ፦ በዱርና በተራራ አቅጣጫ ሳልስት መጓዝ መማር እፈልጋለሁ። ስልኬ ካርታም፣ ኮምፓስም፣ ጂፒኤስም አለው። ታዲያ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ለምን ያስፈልገኛል? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ከካርታው ይጀምሩ። ኮምፓስ ወዴት እንደዞሩ፣ ጂፒኤስ ደግሞ የት እንደቆሙ ይነግርዎታል። ከፊትዎ ያለው ቁልቁለት በእግር የሚወረድ ይሁን ገደል የሚያሳይዎ ግን ካርታው ነው። ባትሪ የማይፈልገውም እሱ ነው።

መጀመሪያ ስኬሉን ይመልከቱ። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር፣ መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ1፡25,000 ደግሞ 4 ሴንቲ ሜትር። ቀጥለው ወደ ኮንቱር መስመሮች ይለፉ። አንድ ኮንቱር እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛል፤ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በካርታው ኅዳግ ላይ ተጽፏል። መስመሮቹ ሲጠጋጉ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ሲራራቁ ለዘብ ያለ። ጀማሪዎችን በብዛት የሚያሳስተው ሸለቆና ሸንተረርን መለየት ነው፤ ሁለቱም በሹል ጥምዝ ይታያሉ። ሹሉ ወደ ከፍታው ካመለከተ ሸለቆ፣ ወደ ዝቅታው ካመለከተ ሸንተረር ነው። የመስመሮቹ ልዩነት 20 ሜትር ከሆነ፣ 15 ሜትር የሚሆን ገደል በመካከላቸው ሳይታይ ሊቀር እንደሚችልም ያስታውሱ።

ልምምዱን በሚያውቁት መሬት ላይ ያድርጉ። ካርታውን ከመሬቱ ጋር እንዲገጥም አዙረው ይያዙ። ከዚያ ከመንቀሳቀስዎ በፊት ምን እንደሚያገኙ ይናገሩ፦ «ጅረት እሻገራለሁ፣ ከዚያ 60 ሜትር ያህል ሽቅብ እወጣለሁ፣ ሸንተረሩ በግራዬ ይሆናል»። ያሉት ነገር በቦታው ካልተገኘ ይቁሙ። ሰው የሚጠፋው ባብዛኛው ካርታ ማንበብ ስላቃተው አይደለም፤ የማይገጥመውን መሬት «ይኼ መሆን አለበት» እያለ በግድ ሲያስማማ ነው። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን አስቀድሞ የመናገር ልማድ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ከካርታ ላይ አቅጣጫ አውጥቼ በኮምፓስ ስጓዝ ሁልጊዜ ከመድረሻዬ በስተቀኝ እወጣለሁ። በመጨረሻው ጉዞዬ 3 ኪሎ ሜትር ሄጄ 400 ሜትር ያህል ስቻለሁ። ኮምፓሴ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ኮምፓሱ ደህና ሳይሆን አይቀርም። በአረማመድ የሚመጣ ስህተት አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይወስዳል፤ የእርስዎ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው። የ1 ዲግሪ ስህተት በየኪሎ ሜትሩ 17 ሜትር ከግማሽ ያህል ያርቃል። 400 ሜትር በ3 ኪሎ ሜትር ማለት ከ7 እስከ 8 ዲግሪ መሳት ነውና፣ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የማግኔት ልዩነትን ነው።

የኮምፓስ መርፌ የሚያመለክተው የማግኔት ሰሜንን ነው፤ ካርታው የተሣለው በሌላ ሰሜን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ በየዓመቱም ጥቂት ይቀየራል። ካርታው ኅዳግ ላይ የልዩነቱን መጠን፣ የተለካበትን ዓመትና ዓመታዊ ለውጡን ያገኛሉ። ካርታው የቆየ ከሆነ ለውጡን በዓመታቱ ቁጥር አባዝተው ያስተካክሉ። ልዩነቱ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ከካርታ ካወጡት ዲግሪ ላይ ይቀንሱ፣ ወደ ምዕራብ ከሆነ ይደምሩ። ካርታው 60 ዲግሪ ቢልዎና ልዩነቱ 8 ዲግሪ ምሥራቅ ቢሆን፣ በኮምፓስ የሚጓዙት በ52 ነው። ሳይቀንሱ በ60 ከሄዱ በትክክል እርስዎ እንዳሉት ወደ ቀኝ ይወጣሉ። አንዳንድ ኮምፓስ ልዩነቱን አስቀድሞ የሚሞሉበት ማስተካከያ አለው፤ እሱን ከሞሉ በኋላ እንደገና በስሌት አይቀንሱ።

አቅጣጫ አወሳሰዱን ከመጀመሪያው እንየው። የኮምፓሱን ረጅም ጠርዝ ካሉበት ነጥብ እስከ መድረሻዎ ያስተኙ፤ የጉዞ ቀስቱ (በኮምፓሱ ሰሌዳ ላይ የተሣለው ቀስት) ወደ መድረሻው ይሁን። መርፌውን ለጊዜው ይርሱት። በቀለበቱ (ዲግሪ በተጻፈበት ተሽከርካሪ ክብ) ውስጥ ያሉት መስመሮች ከካርታው የሰሜን መስመሮች ጋር እስኪስማሙ ቀለበቱን ያሽከርክሩ፤ የቀለበቱ ሰሜን ወደ ካርታው ሰሜን ማየት አለበት። ዲግሪውን ያንብቡ፣ ልዩነቱን ያስተካክሉ፣ ቀለበቱን በአዲሱ ቁጥር ላይ ያድርጉ። አሁን ኮምፓሱን ከደረትዎ ፊት ለፊት አግድም ይዘው፣ የመርፌው ቀይ ጫፍ በቀለበቱ ቀስት ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሰውነትዎን ያዙሩ። የጉዞ ቀስቱን ወይም ቀለበቱን የገለበጠ ሰው በ180 ዲግሪ ተቃራኒ ይሄዳል። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት «ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው የምሄደው፣ ፀሐይ የት መሆን አለባት?» ብለው ያመሳክሩ።

ልዩነቱን አስተካክለውም ከሳቱ ብረትና ማግኔት ይፈልጉ። ስልክ፣ ቢላዋ፣ የእጅ ባትሪ፣ የቦርሳ ማግኔት ቁልፍ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራቁ፤ ከመኪናና ከከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ መስመር በአሥሮች የሚቆጠሩ ሜትሮች ይራቁ። ከስልክ ጋር በአንድ ኪስ የሚቀመጥ ኮምፓስ መርፌው ተገልብጦ ቀዩ ጫፍ ደቡብን ሊያሳይም ይችላል። መርፌውን እያዩም አይራመዱ፤ በመስመሩ ላይ አንድ ዛፍ ወይም ድንጋይ መርጠው እሱ ጋ ይድረሱ፣ ከዚያ ሌላ ይምረጡ።

መድረሻዎ ጅረት ዳር ያለ ድልድይ ከሆነ ደግሞ ሆን ብለው 5 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ አጋድለው ይሂዱ። ጅረቱ ሲገጥምዎ ድልድዩ በቀኝዎ እንዳለ እርግጠኛ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ የላከልኝን ነጥብ ጂፒኤስ ላይ ሳስገባው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወጣ። ቁጥሩን ግን ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

መልስ፦ ቁጥሩ ልክ ሆኖ አጻጻፉ ይለያያል። ኬክሮስ 37 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ በአሥርዮሽ ሲጻፍ 37.5 እንጂ 37.30 አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው 0.2 ዲግሪ 22 ኪሎ ሜትር ነው። ደቂቃን ወደ አሥርዮሽ ለመቀየር ለ60 ያካፍሉ፣ ወይም የመሣሪያዎን የቁጥር አጻጻፍ ከላኪው ጋር አንድ ያድርጉ። ስህተቱ መቶ ወይም ሁለት መቶ ሜትር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዳተሙን፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮች የሚለኩበትን መነሻ ሥርዓት፣ እንጠረጥር ነበር፤ ጂፒኤስ በተለምዶ የሚሠራው በደብሊው ጂ ኤስ 84 ሲሆን የቆዩ ካርታዎች ግን በሌላ ሊሆኑ ይችላሉ። የካርታዎን ዳተም ኅዳጉ ላይ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ኔትወርክ በሌለበት የስልክ ጂፒኤስ ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል። ስልኩ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ካሉ ሳተላይቶች ምልክት ይቀበላል እንጂ ምንም አይልክም፤ ቢያንስ 4 ሳተላይት ካገኘ ቦታዎን ያሰላል። የሚጠፋው ካርታው ነው። ከቤት ሳይወጡ ያውርዱት፤ ከዚያ ኢንተርኔቱን ዘግተው አጉልተው ያዩት፣ ዝርዝሩ ካልታየ አልወረደም ማለት ነው። በገላጣ ሰማይ ሥር ስህተቱ 5 ሜትር አካባቢ ነው፤ ገደል ሥርና ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ ምልክቱ እየተንጸባረቀ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሜትሮች ሊያሳስት ይችላል። ቅዝቃዜ ባትሪ ስለሚያደክም ስልኩን ከልብስ ሥር ይያዙ። ወደ ነጥብ የሚመራዎት ቀስት ቀጥታ መስመር ብቻ እንደሚያሳይም አይርሱ፤ በመካከል ገደል ይኑር አይኑር አያውቅም።

ጥያቄ፦ ጉም ውስጥ ምን ያህል እንደሄድኩ እንዴት ልወቅ?

መልስ፦ በእርምጃና በሰዓት። 100 ሜትር ለክተው የግራ እግርዎ ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ ይቁጠሩ፤ ብዙ ሰው ከ60 እስከ 70 ያገኛል። ዳገት፣ ረጅም ሣርና ሸክም ቁጥሩን ይጨምራሉ፣ ስለዚህ በእነዚህም ላይ ለየብቻው ይለኩ። ለሰዓቱ ስኮትላንዳዊው ዊልያም ናይስሚዝ በ1892 ያወጣው ቀመር እስከ ዛሬ ያገለግላል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ዳገት 10 ደቂቃ። 4 ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር ዳገት ጋር 48 ሲደመር 30፣ ማለትም 78 ደቂቃ ይወስዳል። ዕረፍት አልተቆጠረም። ከመነሳትዎ በፊት መድረሻውን እንዳለፉ የሚያስታውቅዎ ነገርም ይምረጡ፤ ለምሳሌ ከመድረሻው ማዶ ያለ ጅረት።

ጥያቄ፦ የት እንዳለሁ ከጠፋኝስ?

መልስ፦ ይቁሙ። ካርታው ላይ የሚለዩዋቸው ሁለት የተራራ ጫፎች ከታዩ ወደ አንደኛው ኮምፓሱን አነጣጥረው ዲግሪውን ያንብቡ። አሁን ስሌቱ ይገለበጣል፤ የምሥራቅ ልዩነት ይደመራል። ቀለበቱን በአዲሱ ቁጥር ላይ ያድርጉ። የኮምፓሱን ጠርዝ ካርታው ላይ ባለው ጫፍ አስነክተው፣ የቀለበቱ መስመሮች ከሰሜን መስመሮች ጋር እስኪስማሙ መላ ኮምፓሱን ያዙሩና በጠርዙ መስመር ያስምሩ። በሁለተኛውም ይድገሙ፤ እርስዎ ያሉት ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት አካባቢ ነው። በጫፎቹ መካከል ያለው ማዕዘን ወደ 90 ዲግሪ በቀረበ ቁጥር ውጤቱ ይሻላል፤ ከ30 በታች ከሆነ አይመኑት።

ምንም ካልታየ፣ በእርግጠኝነት ወደሚያውቁት የመጨረሻ ነጥብ ይመለሱ፤ ይህም የሚሆነው የመጡበትን መንገድ በትክክል ካወቁ ብቻ ነው። ካላወቁ እዚያው ይቆዩ፣ ልብስ ይደርቡ፣ ፊሽካ ይንፉ፦ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ያዳምጡ፣ እንደገና 6። የሰማዎ ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ እየነፋ ይመልሳል። መልሱን ሰምተውም ቢሆን ሰዎቹ አጠገብዎ እስኪደርሱ መንፋትዎን አያቁሙ።