ጥያቄና መልስ፦ ጅቦቹ ለምን በረቱ?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ውስጥ አምስት ሆነን ቅዳሜ ከሰዓት ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን በዳይስ የሚመራ የምናብ ታሪክ ጨዋታ እንጫወታለን፤ አጫዋቹ፣ ማለትም ታሪኩን የምመራውና ጠላቶቹን የማንቀሳቅሰው እኔ ነኝ። የአራቱ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርያት ገና አንደኛው፣ የጀማሪ ደረጃ ላይ ናቸው። አህያ ጭነው በታቦር ተራራ ግርጌ ሲያልፉ ሁለት ግዙፍ ጅቦች አወጣሁባቸው፤ በሦስት ዙር ሁሉም አለቁ። ሕጉን አልጣስኩም። ታዲያ ምኑ ላይ ነው ችግሩ?
ከታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ሕጉን አልጣሱም፤ ሒሳቡን ግን አልሠሩትም። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የጨዋታው አምስተኛ እትም አንድ ግዙፍ ጅብ የውጊያው ክብደት የሚለካበት 200 የልምድ ነጥብ ያወጣል። ሁለት ሲሆኑ 400 ይሆናሉ፤ ጥንድ ስለሆኑ ደግሞ በ1.5 ይባዛና 600 ይመጣል። ለአራት ጀማሪዎች «ገዳይ» የሚባለው ውጊያ የሚጀምረው ከ400 ነው።

በጠረጴዛው ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ግዙፉ ጅብ 45 የሕይወት ነጥብ አለው፤ ንክሻው ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ሲደመር 3፣ በአማካይ 10 ጉዳት ነው። ጀማሪ አስማተኛ ያለው የሕይወት ነጥብ ብዙ ጊዜ 7 ወይም 8 ነው። 7 ያለው ሰው 15 ከተመታ ትርፉ 8 ከሙሉ ነጥቡ ስለሚበልጥ፣ ከሞት ለመትረፍ ዳይስ መጣል ሳይደርሰው እዚያው ይሞታል። ብዙ አጫዋቾች የሚዘነጉት ሌላም አለ፦ ግዙፍ ጅብ በተራው አንዱን ነክሶ ከጣለ፣ የፍጥነቱን ግማሽ ተንቀሳቅሶ ሌላ ሰው ይነክሳል። አስማተኛው ሲወድቅ ቀጣዩ ተጫዋች ያለ ተራው ይነከሳል ማለት ነው።

አንድ ብቻ ያውጡ፤ 200 ለአራት ሰው መካከለኛ ውጊያ ነው። ወይም አምስት ተራ ጅቦች፤ እያንዳንዳቸው 5 የሕይወት ነጥብ ብቻ አላቸው። ነገር ግን በወረቀት ላይ ቀላል የሆኑት ተራ ጅቦች ከተጠቂው በ1.5 ሜትር ውስጥ ጓደኛ ካላቸው ዳይሱን ሁለቴ ጥለው ትልቁን ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ባንዴ አይልቀቋቸው፣ ሁለት ሁለት እያሉ ይምጡ። ደግሞስ ጅብ እስኪሞት የሚዋጋው ለምንድን ነው? ዓይኑ አህያዋ ላይ ነው። አህያዋን ትቶ መሸሽ እንደሚያዋጣ ተጫዋቾቹ ከጅምሩ ይወቁ፤ ጭነቱን ማጣት ከመሞት የተሻለ የታሪክ መነሻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ስላጣን ሦስት የሉዶ ዳይስ ጥለን እንደምራለን። ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም። ድምሩ ከ3 እስከ 18 ብቻ ነው፤ 10 ወይም 11 የመምጣቱ ዕድል 25 በመቶ ነው፣ በእውነተኛው ዳይስ ግን 10 በመቶ ነው። ሦስቱን ከመደመር ይልቅ እንዲህ አድርጉ። የመጀመሪያው ዳይስ ከ1 እስከ 5 ይቆጠራል፣ 6 ከመጣ ድጋሚ ይጣላል። ሁለተኛው ተጋማሽ ቁጥር ካሳየ፣ ማለትም 2፣ 4 ወይም 6 ከሆነ 5 ይጨመራል። ሦስተኛው እንዲሁ ከሆነ 10። ከ1 እስከ 20 ያለው ሁሉ እኩል ዕድል ያገኛል። ዳይሶቹ ቀለማቸው ይለያይ፤ አለበለዚያ የትኛው የትኛው ነው በሚል ክርክር ይመሻል።

ጥያቄ፦ በጨዋታችን ውስጥ ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል አንዲት ታንኳ ተሰባብራ ተገኘች፤ ምን እንደሰበራት የሚያሳየውን ምልክት ለመፈለግ ዳይስ ጣሉ፣ አልመጣላቸውም። ታሪኩ ቆመ።
ከሐይቅ ዳር

መልስ፦ ታሪኩ ያለ እሱ የማይራመድበትን ነገር በዕጣ አትስጡ። መካከለኛ ክብደት ያለው ፍለጋ እንዲሳካ በባለ ሃያ ገጹ ዳይስ 15 መድረስ ያስፈልጋል፤ በችሎታው 4 ጭማሪ የሚታከልለት ጎበዝ ፈላጊ እንኳ ግማሽ ጊዜ ይስታል። «እንግዲያው ሁሉም ይጣል» ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ ምንም ጭማሪ የሌላቸው አራት ሰዎች ሲጥሉ ቢያንስ አንዱ የሚያገኝበት ዕድል 76 በመቶ ይሆናል፣ ያኔ የጎበዙ ችሎታ ዋጋ ያጣል። አንዱ ይፈልግ፣ ሌላው ያግዘው፤ ሁለቴ ጥሎ ትልቁን ሲወስድ የጎበዙ ዕድል 75 በመቶ ይደርሳል።

የጥርስ ምልክቱን ግን ታንኳዋን ቀረብ ብሎ ያየ ሁሉ ያግኘው። ዳይሱ የሚወስነው ተጨማሪውን ነው፦ ጥርሱ ከጉማሬ እንደሚጠብ ማስተዋሉን፣ ወይም ሲመረምሩ ማን እንዳያቸው። ያንኑ ፍንጭ በሌላ መንገድም አስቀምጡ፤ አንዱ በተቀደደ መረብ፣ አንዱ ዓሣ በምታጸዳ ሴት አንደበት። ተጫዋቾች አንዱን ያልፉታል፣ ሁለተኛውን በተሳሳተ መንገድ ይረዱታል፣ ሦስተኛው ላይ ይነቃሉ።